ሁለቱንም ያበላሁበት ማሳ

ሰኞ ግንቦት 19

«ይነቀል» አለ። ጋሽ ዳንኤል ከማሳዬ ጫፍ ላይ ቆሞ ቦሎቄዬን እንደ ሌባ በጣቱ እያሳየ «ጎብኚዎቹ የሚመጡት የዛሬ ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ይነቀል» አለና ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔ ደግሞ አበባው እንዴት እንዳማረ ላሳየው አፌን ከፍቼ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

እኛ አምስት ጎረቤታሞች ከጂንካ ወጣ ብሎ ያለው ማሳችን ድንበር ለድንበር ስለሆነ ዘንድሮ ኩታ ገጠም ገብተናል። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ሰሞን፣ በመስመር፣ ዩሪያውም እኩል። በቆሎ ብቻ። ከላይ ከመንገዱ ሲያዩት የአንድ ሰው እርሻ መምሰል አለበት። እንዲያ ከመሰለ ለአምስታችን አንድ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ይሰጣል ተብሏል። ጋሽ ዳንኤል ሰብሳቢያችን ነው። ማሽኑን የሚፈልገው ለወግ አይደለም። ትከሻው ከታመመ ወዲህ የመውቂያ ዱላ ማንሳት አይችልም፣ የአምናውን በቆሎ ወቅታ የጨረሰችው ሚስቱ ብቻዋን ናት።

ይህን ሕግ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ያሞገሰው ማነው? እኔ። ማንም ሳይጠይቀኝ። «ተበታትነን የት ደረስን? መስመር በመስመር እንሁን» ብዬ ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ዳንኤል እንኳ ሲያመነታ የነበረ ሰው በእኔ ንግግር ነው የገባው። ዛሬ የገዛ ቃሌን ነው የመለሰልኝ።

ታዲያ ቦሎቄው ከየት መጣ? በቆሎውን በመስመር ከዘራሁ በኋላ መሃሉን ሳየው ባዶ። እንዲህ ያለ አፈር ባዶውን ተቀምጦ አረም ሲያበቅል ማየት አልችልም። ከወይጦ የመጣ ቀይ ቦሎቄ ቤት ነበረኝ፣ በየመሃሉ ጣል ጣል አደረግሁ። የባሌ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቦሎቄ የምታስገባው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በመጀመሪያው አረም ጊዜ ነበር። እኔ ቸኮልኩ። በቆሎው ከፍ ሲል ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም ብዬ። አሁን ማን ማንን እንደሸፈነ ማርያም ትየው።

የሚያስጨንቀኝ፦
ማሽኑ በእኔ ምክንያት ቢቀር በአራት ጎረቤት ፊት በየት በኩል አልፋለሁ።
ቦሎቄው ቢነቀል የክረምቱን ወጥ በምን ልሠራ ነው።
የጋሽ ዳንኤል ትከሻ።
አፌ።


ማክሰኞ ግንቦት 20

ጠዋት ልቤን አጥብቄ ወጣሁ፤ ነቅዬ ልገላገል። ከመንገዱ በኩል ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ቦሎቄ ይዤ ሳብ ሳደርጋት ሦስት በቆሎ እግሬ ሥር ተጋደመ።

ሐረጉ ካንዱ አገዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ተጠምጥሟል። የቱ ጫፍ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፣ እዚያም አንድ በቆሎ ይዞ መጣ። የወደቁትን ከጆንያ በመዘዝኩት ሲባጎ እያሰርኩ አቆምኳቸው። ሳቄ መጣ። ቦሎቄውን ልነቅል ወጥቼ በቆሎ ሳስታምም ረፋዱ አለፈ። ግን ሳቁን ስጨርስ ገባኝ። ካልነቀልኩ ማሽኑ የለም፣ ከነቀልኩ በቆሎው የለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከመንገዱ በኩል፣ ማለት ከላይ፣ ቦሎቄው ቅጠሉ መዳፌን ያክላል፣ እስከ በቆሎው ጫፍ ወጥቷል፣ ገና አበባ ላይ ነው፣ ፍሬው እዚህ አንድ እዚያ አንድ። ታች ወደ ጅረቱ ስወርድ ያው ዘር፣ በዚያው ሳምንት የተዘራ፣ አጠር ብሎ ሥርዓት ይዞ፣ ፍሬው ከሥር እስከ ላይ ተንጠልጥሏል። በቆሎውን አላነቀውም። በቆሎው ግን ከላይኛው ትንሽ ገርጣ ይላል። አንድ እናት የወለደቻቸው አይመስሉም።

ለኃይሌ ደወልኩለት። ባሌ አናጢ ነው፤ ኦሞራቴ ቤት ሊሠራ ከሄደ ከራርሟል።

«ኃይሌ፣ ታስሬያለሁ» አልኩት።

«የት ጣቢያ?» አለ ደንግጦ።

«በቦሎቄ።»

እስኪጨርስ ስቆ «ሰብሰብ አድርጊና ንገሪኝ» አለ። ከኩታ ገጠሙ ስብሰባ ጀመርኩለት። ዛፉ ላይ ያለው ወፍ እስኪሰለች ሳወራ ለካ ኔትወርኩ ቀድሞ ተቋርጧል። ለራሴ ነው ያወራሁት።


ረቡዕ ግንቦት 21

ማርያም። የግንቦቷ። እሷ በምትከበርበት ቀን እርሻ አልገባም፣ እናቴም አልገባችም፣ የእናቴም እናት። ዳቦ ደፍቼ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ ዳንኤል ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ፣ ማጭድ አስይዞ መጣ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ማርያም አታግዳቸውም።

«እኛ እንሥራልሽ» አለ። «አንቺ በዓልሽን አክብሪ፣ ተቀመጪ። እስከ ምሳ እንጨርሰዋለን።»

ደግነት ነው። ከልቡ ነው። ግን ማጭድ የያዘ ደግነት።

«በማርያም ቀን በእኔ ማሳ ላይ ማጭድ አይነሳም» አልኩ።

«ማሳው የኩታ ገጠሙ ነው፤ አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«ማሳው የኩታ ገጠሙ ይሁን፣ ቀኑ ግን የማርያም ነው።»

ልጆቹ መሬት መሬት አዩ፣ ትንሹ ሳቁን ዋጠ። ጋሽ ዳንኤል ትከሻውን እያሸ «እሺ። የእኛ እሁድ ናት፣ የአንቺ ረቡዕ ነው። የቀረሽን ቀን ቁጠሪ» አለኝ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው፣ ተቀብለው ሄዱ። ዳቦዬን እየገመጠ ነው ተቆጥቶ የሄደው።

አመስግኜሻለሁ እመቤቴ፣ ግን ዛሬ አጥር አድርጌሻለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ ከበሩ አልወጣሁም። ከተቀመጥኩበት የላይኛው ማሳ ጫፍ ይታየኛል። ነፋስ በመጣ ቁጥር በቆሎው ተያይዞ ይወዛወዛል፣ አንዱ ዘንበል ሲል ሁሉም ዘንበል ይላል። እኛን መሰለኝ።


ሐሙስ ግንቦት 22

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ትዕግስት ግን መጣች። የልማት ሠራተኛችን ናት፣ ልጅ ናት፣ እናቷ ልሆን እደርሳለሁ። ፕላስቲክ ለብሳ፣ ቦቲዋን እየጎተተች።

«እትዬ ሙሉ፣ ምን አደረጉኝ?» አለች ገና ከበር።

እሷም ተይዛለች ለካ። አምስቱም ማሳ በቆሎ ብቻ ነው ብላ ሪፖርት አድርጋለች። ስትጽፍ እንዲያ ነበር፣ ቦሎቄው አልበቀለም ነበር። በኋላ ስታይ ደግሞ ለእኔ ስትል ዝም አለች። ሰኞ ኃላፊዋ ከነእንግዶቹ መጥቶ ቢያይ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት። ሃና ወደምትባለው ሩቅ ከተማ ልትመደብ ነው የሚል ወሬም ሰምታለች፤ መኪና እንደ ልብ የሌለበት ቦታ፣ እናቷን ትታ።

ይህን ስሰማ ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ይዣት ወደ ማሳው ወጣሁ። የላዩንና የታቹን ልዩነት አሳየኋት። መኮትኮቻ ተቀበለችኝና ከላይ አንዷን ቦሎቄ ከነሥሯ ቀስ ብላ አወጣች። ጅረቱ ላይ አጠበችው። ሥሩ ነጭ ክር ብቻ። ከታች ደግሞ አንድ አወጣች። እዚህ ሥሩ ላይ ኪንታሮት የመሰሉ እባጮች፣ ብዙ። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፣ ውስጡ ቀላ ያለ፣ የጥሬ ሥጋ ዓይነት።

እኔ እንኳ በሽታ ነው ብዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሥር ስሎ እንዲህ እንዲህ ያሉ ኳሶች ሲጨምርበት ትዝ ይለኛል፤ እኔ አጠገቤ ካለችው ጋር አወራ ነበር።

«ይኼ ነው ቤታቸው» አለች። ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለቦሎቄው የሚያበስሉለት፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እዚያ ይኖራሉ። ቦሎቄው ምሳ ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ማዳበሪያ ይሰጡታል። «የላይኛው ግን ለምን እንደሌለው አላወቅሁም። ከላይ ምን አደረጉ?»

«ምንም። ዩሪያ ነው የሰጠሁት።»

«ለበቆሎው።»

«ለሁለቱም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለቦሎቄውም?»

እና ምን ላድርግ። አንድ ማዕድ ላይ አንዱን አብልቶ ሌላውን ማስመልከት ነውር አይደለም እንዴ? በቆሎው ሥር ጭብጥ ስጥል ቦሎቄው አጠገቡ ቆሞ ሲያይ ሆዴ አልቻለም። ለእሱም ጭብጥ፣ እንዲያውም ትንሽ ጨመር አደረግሁለት፣ ሕግ የረሳው ልጅ ስለሆነ። መሃል ስደርስ ጆንያው አለቀ። ታችኞቹ ሁለቱም ሳይበሉ ቀሩ። ሳዝንላቸው ነው የከረምኩት።

ትዕግስት ሳቀች፣ እስክትቀመጥ ድረስ። ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ቦሎቄ ዩሪያ ደጁ ድረስ ከመጣለት ከአየር ለመውሰድ አይለፋም፣ ይሰንፋል፤ ነፍሳቱን አያስተናግድም። የተሰጠውን ለቅጠል ያደርገዋል፣ ይረዝማል፣ ፍሬው ይዘገያል። ከዚያም አልፎ የበቆሎውን ድርሻ ይሻማዋል። «ጋሽ ዳንኤል ቦሎቄ በቆሎን ይበላል ሲሉ የእርስዎን የላይኛውን ካዩ ልክ ናቸው» አለች።

«ታችኛው በቆሎውን ይመግባል በይኛ።»

«እሱንም አልልም። ዘንድሮ ለበቆሎው የሚሰጠው እምብዛም ነው። ግን አይሻማውም፣ የራሱን ከአየር ያመጣል፣ የአፈሩን ለበቆሎው ይተውለታል። ቅጠሉና ሥሩ እዚያው ከበሰበሰ ለሚመጣው ዘር ይተርፋል። ታች በቆሎው የገረጣው የራሱን ዩሪያ ስላልሰጡት ነው።»

ስለዚህ ከላይ አጥግቤ አጣላሁ፣ ከታች በቆሎውን አስርቤ ቦሎቄውን አዳንኩ። አንድም ቦታ ልክ አልሠራሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ገብቶኝ ሲበራልኝ እንዲህ ነኝ፣ ቤቱ ቢቃጠልም።

ደስታው ከበሩ አላለፈም። ትዕግስት ስትሄድ «ሰኞስ?» አለች።


ዓርብ ግንቦት 23

አሰብኩ። ለምን ይነቀላል? ሐረጉ ከመሬቱ ጋር ከተቆረጠ በቆሎው አይወድቅም። ሐረጉ እዚያው ተንጠልጥሎ ይደርቅ። ከላይ መሻማቱ ያበቃል። ታችኛው ይቆይልኝ፣ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው።

ጋሽ ዳንኤል ቤት ሄድኩ። ከላይ እንቆርጣለን፣ ከታች እንተዋለን አልኩት።

«ግማሽ እርጉዝ የለም» አለ።

ሚስቱ ከጓዳ «ስማት እንጂ» አለችው። ሰማኝ። ዩሪያውን ለቦሎቄውም እንደሰጠሁ ስነግረው ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ለቦሎቄ? የአንድ ቤት ማዳበሪያ ለጥገኛ?»

«ከደጄ የቆመን አላሳልፍም፣ ታውቀኛለህ። ይቅርታ፣ ያውቁኛል።» አንቱ ማለቱን እንኳ ረሳሁት።

በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ ጎብኚዎቹ የሚቆሙት መንገዱ ላይ ነው። ጭቃ ስለሆነ ታች አይወርዱም። ላዩ ከተቆረጠ በቆሎ ብቻ ይታያል። ታች ያለውን እሱም አላየም፣ ትዕግስትም አላየችም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «አንቺ አትናገሪ።»

«ምንም?»

«ምንም። ስምሽን ቢጠይቁሽ እንኳ እኔ እመልሳለሁ።»

እሺ አልኩ። ቦሎቄዬ ተረፈ፣ እኔ ታሰርኩ። ወህኒ ቤት ቢሆን እንኳ እርስ በርስ ያወራሉ።


ቅዳሜ ግንቦት 24

ገበያ ቀረሁ። ከልጆቹ ጋር ሐረግ ስንቆርጥ ዋልን፣ እየተንበረከክን፣ ሥር ሥሩን። ከቆረጥነው ውስጥ አንዳንዱ ሐረግ መስሎን በቆሎ ነው። ትልቁ ልጅ «እትዬ፣ እነዚህን ማን አሰራቸው?» አለኝ በሲባጎ የታሰሩትን እያሳየ። ቁስለኞቼ ናቸው አልኩት።

ጋሽ ዳንኤልም መጣ። ማጭድ በግራ እጁ ይዞ ሲሞክር አይቼ ከእጁ ወሰድኩበት።

ቀትር ላይ ከታች የለቀምኩትን የቦሎቄ እሸት ከነቅርፊቱ ቀቅዬ አቀረብኩ። ልጆቹ ተሻሙበት። ጋሽ ዳንኤል አንዱን ፈልቅቆ በላ፣ ሁለተኛ ፈለቀቀ።

«ይኼ የትኛው ነው?»

«ያላዩት።»

ሦስተኛ ፈለቀቀ። ሳህኑ ውስጥ ቅርፊት ብቻ ሲቀር ተነሳ።

ማታ ሰማዩ ጠራ። የሚዘንብ ከሆነ ጭቃው ይጠብቀናል፤ ከደረቀ ታች ይወርዳሉ። ለዝናብ ስንጸልይ ኖረን ለጭቃ ስጸልይ ይኸው።


እሁድ ግንቦት 25

ፀሐይ። ቀኑን ሙሉ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሳውን አየሁት። የቆረጥነው ሐረግ ጠውልጎ፣ ቡኒ ሆኖ፣ በየአገዳው ላይ እንደ ቡትቶ ተንጠልጥሏል። አላሰብነውም። ከመንገዱ ሲታይ ከአምስቱ ማሳ የእኔ ብቻ የታመመ ይመስላል። ልጎትተው ብል በቆሎው ይመጣል። እነጋሽ ዳንኤል ዛሬ እሁዳቸው ነው፣ መጥራት አልችልም። ብቻዬን የደረስኩበትን ያህል በመቀስ ስለቃቅም ዋልኩ። ኃጢአት ከሆነ ዛሬ የኔም እሁድ ነው።

ኃይሌ ደወለ። ነገ እንደማልናገር ነገርኩት። «ከቻልሽ ከኦሞራቴ ደረቅ ዓሣ በጆንያ አመጣልሻለሁ» አለ። እንዲህ ተማምኖ ሲወራረድ አይቼው አላውቅም።


ሰኞ ግንቦት 26

ሁለት መኪና መጡ። መንገዱ ላይ ቆሙ። ጋሽ ዳንኤል ኮት ለብሷል። ትዕግስት ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከኋላ።

የመጀመሪያውን ማሳ አዩ፣ ደስ አላቸው። ሁለተኛውን፣ ፎቶ ተነሱ። የእኔ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ቆመ።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው? በሽታ ነው?»

ትዕግስት ቦቲዋን አየች። አንዱ እንግዳ ራመድ አለና ደረቁን ሐረግ በብዕሩ ነካ ነካ አድርጎ «ተላላፊ ከሆነ ወደ ሌሎቹም መዝመቱ ነው። ክላስተሩ በሙሉ መታየት አለበት» አለ። ኃላፊው ወደ ትዕግስት ዞረ። «በሽታ መኖሩን ሪፖርት አድርገሻል?»

ጥርሴን ነክሻለሁ። ጋሽ ዳንኤልን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ልጅቷን እያየሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ዓሣውም ይቅር ብዬ ነጠላዬን ከአፌ ሳወርድ፣ ጋሽ ዳንኤል ቀደመኝ።

«የእኛ ማሳ በሽታ የለበትም» አለ። ድምፁ እንደ ስብከት ነው። «ቦሎቄ ነው። ከበቆሎው መሃል ተዘርቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ይቆረጥ ያልኩት። ልጅቷ ሪፖርት ስታደርግ አልበቀለም ነበር። በደህና የያዘው ታች አለ። መውረድ ከፈለጋችሁ ጫማችሁን አስቡበት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በይ እንግዲህ። አንቺ ንገሪያቸው» አለ።

ነገርኳቸው። ከጭብጡ ጀምሬ፣ ታች ድረስ ይዣቸው ወርጄ። ሥሩን በእጄ ነቅዬ አሳየኋቸው፣ እባጩን ሰነጠቅሁላቸው፣ የት የት እንደተሳሳትኩ፣ የቱ በቆሎ ለምን እንደገረጣ ዘረዘርኩላቸው። ትዕግስት ስሳሳት አረመችኝ። አንዱ እንግዳ እሸቱን ቀምሶ ኪሱ ከተተ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አየ። እኔ አላቆምኩም።

ሲሄዱ ኃላፊው ለትዕግስት «እንደገና ጻፊው፣ ያለውን እንዳለ» አላት። ስለ ማሽኑ ጋሽ ዳንኤል ሲጠይቀው «ይታያል» አለ። ይታያል ማለት ይሰጣል ይሁን አይሰጥም፣ ከፊቱ አልተነበበም።


ማክሰኞ ግንቦት 27

ትዕግስት ደወለች። ስለ ሃና ማንም አላነሳባትም፣ እስካሁን። ቦሎቄው እስኪደርስ ይቆያል፣ የሚከለክለኝ የለም። ማሽኑ ግን አልታወቀም። የጋሽ ዳንኤል ሚስት ዛሬ ገበያ ስትሄድ አይታኝ ሰላም አለችኝ፣ ፊቷ ደህና ነው፣ እኔ ግን ዱላውን አሰብኩት። ማሽኑ ካልመጣ እኔ ነኝ ሄጄ የምወቃላት። ነግሬያታለሁ። ደግሞ ቃል ገባሁ።

ማለዳ በጅረቱ በኩል ሳልፍ ጋሽ ዳንኤልን ታችኛው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሥር እየቆፈረ ነው። ሲያየኝ ቀና አለ፣ ጭቃውን ከእጁ አራገፈ።

«በሚመጣው ዘር ቦሎቄውን መቼ ነው የምታስገቢው?»

«በመጀመሪያው አረም ጊዜ።»

«ዩሪያውንስ?»

«ለበቆሎው ብቻ።»

«ቦሎቄው አጠገቡ ቆሞ እያየ?»

«እያየ» አልኩት። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ይችል እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።